ለግራ እግር የተሠራ ብረት

የሰው ቆዳ እንደ ከበሮ ሊወጠር እንደሚችል ያወቅኩት በልጄ ግራ እግር ነው። ትምህርት ቤት ገና የገባች ጊዜ ከጉልበቷ ጀርባ ተነስቶ ባቷን ይዞ ቁልቁል የሚወርድ፣ መሐሉ እንደ ሰም የሚያብለጨልጭ፣ ጠርዙ ወይን ጠጅ የመሰለ መስመር ወጣባት። አያማትም፣ አያሳክካትም። በጣቴ ቆንጥጬ ላነሳው ስሞክር ግን አልያዝ ይለኛል፤ ከሥጋዋ ጋር ተጣብቋል። ከተማችን መርሳ መቼም ስም የማታወጣለት በሽታ የለም። አንዷ ምች ነው አለች፣ አንዱ ለምጽ ነው አለ፣ ሌላዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የቁምጥናን ስም ጠራችና ከዚያን ቀን ወዲያ ልጇን ከልጄ ጋር አላጫወተችም። ሐኪም ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ልጅቷ ስታድግ ቆዳው አብሯት አላድግ አለ። አጥንቷ ይረዝማል፣ ቆዳው ባለበት ይቆማል። መጀመሪያ ተረከዟ ከመሬት ትንሽ ከፍ አለ፣ ቀጥሎ እግሯ ወደ ውስጥ ዞረ፣ ኋላ ላይ በጣቶቿ ጫፍ ብቻ የምትረግጥ ሆነች። የማስተምረው እሷ በምትማርበት ትምህርት ቤት ስለሆነ ልጆቹ ያወጡላትን ስም በጆሮዬ እሰማ ነበር፤ "ባለ ታኮዋ" ይሏታል። አንድ ቀን ቤት እንደገባን፣ "እማ፣ ታኮ ጫማ ለሁለቱም እግር አይደል እንዴ? እኔ ለምን ለአንዱ ብቻ?" አለችኝ። ሳቅኩላት፣ ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ወጌሻ ዘንድም ወስጃታለሁ። መምህርት ሆነሽ የሚለኝ ካለ፣ ልጁ እንዲህ ስትሆንበት ያልወሰደ ይፍረድብኝ። ወጌሻው በቅቤ አሽቶ ጎትቶ፣ ጎትቶ አሽቶ፣ ላቡ ጠብ ሲል እግሩ እዚያው ነበር። ልጄ ብቻ ድምጿ ዘጋ።

ደሴ ያገኘነው የአጥንት ሐኪም ወጣት ነው፤ ሲናገር እግሯን ከእጁ አይለቅም። "ስክሌሮደርማ ይባላል" አለኝ። "የራሷ ሰውነት ቆዳዋን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እያደረቀው ነው። ቆዳው ደግሞ ሲደርቅ ጅማቱን ይዞ እግሯን ጎተተው። እኔ እግሩን ላቀና እችላለሁ፤ ድርቀቱን የሚያቆመው ግን በየሳምንቱ የምትውጠው ክኒን ነው። አንዱ ያለ አንዱ አይሆንም።" የበሽታውን ስም መንገዱን ሙሉ በልቤ ስደግመው ሄድኩ። ቁምጥና ላለችው ሴት ነበር ያዘጋጀሁት።

ከዚያ በኋላ ኑሯችን በጄሶ ተያዘ። ከጉልበቷ በታች በጄሶ ያስሯታል፤ ቀኑ ሲደርስ ደሴ ሄደን ይፈታል፣ እግሩ ጥቂት ይገፋል፣ እንደገና ይታሰራል። የሌላ ልጅ እግር በዚህ ቶሎ ይቃናል አሉ። የሷ ቆዳ ከቆሰለ ስለማይድን ጥጡን ያበዙታል፣ ግፊቱን ይቀንሱታል፤ ስለዚህ ሌላው ልጅ ጨርሶ ሲሄድ እኛ እንመላለሳለን። በመጨረሻ ከተረከዟ በላይ ያለውን ጅማት በቀዶ ሕክምና አስረዘሙላት። የመጨረሻው ጄሶ በመጋዝ ተሰንጥቆ የወለቀ ዕለት ልጄ በባዶ እግሯ ሲሚንቶው ላይ ቆመች። ቆይታ፣ "እማ፣ መሬቱ ይቀዘቅዛል" አለች። የቀዘቀዛት ግራ ተረከዟ ነበር። ያን ቃል ሰምቼ ያልኩትን ዱዓ አላህ ያውቀዋል።

ብረቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የቆዳ ጫማ ነው፤ ከግራና ከቀኙ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች ወጥተው ከጉልበት በታች በጠፍርና በዘለበት ይታሰራሉ። የተሠራው በእሷ ግራ እግር ልክ ነው። ሐኪሙ ሲያስረክበኝ፣ "ያገኘነውን የሚጠብቅልን ይሄ ነው። እድገቷን እስክትጨርስ ቀንም ሌትም ታድርገው። ከተወችው እግሩ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ቆዳው እንደ መጀመሪያው እሺ አይለንም" አለኝ። ሌላም ትእዛዝ ነበረው። ረጅም መንገድ እንዳትሄድበት፣ ጠፍሩ ከላጣት ቁስሉ አይሽርም።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል። እኔም እንደዚያ የምላት ጎረቤት ነበረችኝ። በግድግዳ ነው የምንለያየው፤ ዕድሜዋ ከእናቴ ብዙ አይርቅም። ፊት ለፊት እትዬ እያልኩ በአንቱታ ነው የማናግራት፣ ዛሬም እንደዚያው ነኝ። እዚህ ግን እሷ ብዬ እጽፋለሁ፤ ከተቀማሁት ሁሉ ያስመለስኩት ይቺን "እሷ" ብቻ ነው።

ልጇ ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ጡት ያልጣለ ወንድ ልጅ ጥላላት ነው የሄደችው። ልጁ ሲወለድ ጀምሮ ቀኝ እግሩ ወደ ውስጥ የተቆለመመ ነው። እትዬ ይህንን ለልጇ የነገረቻት "እየተቃና ነው" ብላ ነው። በስልክ ፎቶ ሲላክ ልጁ ሁልጊዜ ከወገቡ በታች በጋቢ ተጠቅልሎ ነው። እኔ ቤት ስትመጣ የልጄን ብረት አንስታ ታገላብጠዋለች፣ ዘለበቱን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

"ይኸ ነው ያቆማት?"

"ከጄሶው ጋር ነው እትዬ። ጄሶውና ቀዶ ሕክምናው አቀኑት፣ ይሄ ይጠብቀዋል። እሱንም ደሴ ይውሰዱት፤ የሱ ሌላ ነው፣ ሕፃን ስለሆነ ቶሎ ይቃናል።"

"ይወሰዳል፣ ኢንሻአላህ። ሰው ሳያየው የሚወሰድበት ቀን ይምጣ እንጂ።"

ቀኑ አልመጣም። የመጣው ጦርነቱ ነው።

ወልድያ ስትያዝ የሸሸው ሰው መርሳን ሞላት። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ፍራሽ አነጠፍን፣ ዳቦ አደልን፣ እናንተስ ተርፋችኋል ብለን አጽናናን። የኛ ተራ ሲደርስ የሚያድል አልነበረም። ተኩሱ ከሲሪንቃ በኩል ሲሰማ ባሌ በከባድ መኪናው ከአዋሽ ማዶ ነበር፤ መንገዱ ተዘግቶ ስልኩም ጠፍቶ በሕይወት መኖራችንን እንኳ አያውቅም። ከግራና ከተማ ወዲያ ገጠር አጎቱ አሉ፣ እዚያ ለመሄድ ወሰንኩ። መኪና የለም፤ በእግር ነው። ልጄን አንዳንዴ አዝላታለሁ፣ አንዳንዴ በላስቲክ ጫማ ትሄዳለች። ብረቱን አውልቄ በነጠላ ጠቅልዬ በእጄ ያዝኩ።

እትዬ በሩ ላይ አገኘችኝ። "አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? በጨርቅ የተጠቀለለ ብረት ይዘሽ በዚህ ሰዓት? ከሩቅ ሲያዩት መሣሪያ ነው የሚመስላቸው። በልጅሽ ፊት ነው የሚመቱሽ። ለሁለት ሦስት ቀን አይደል? ቁልፉንም ብረቱንም ለኔ ስጭኝ። እኔ ይህን ልጅ ይዤ የት እሄዳለሁ?"

እውነቷን ነበር፤ ሰጠኋት። ያን ጊዜ ክፋት አልነበረባትም፣ ይህን አምናለሁ። ከልቧ ነው ያለቀሰችው፣ ከልቧ ነው ልጄን የሳመቻት። እስከ አስፋልቱ ድረስም ሸኝታን በቃሪያ የተሞላ ቂጣ በኪሴ ሸጎጠችልኝ።

ሁለት ሦስት ቀኑ ወራት ሆነ። የባሌ አጎት ጎጆ ውስጥ ክረምቱ ወጣ፣ ማሽላው ሸተ፣ እኛ እዚያው ነን። መጀመሪያ ክኒኑ አለቀ። ቀጥሎ የልጄን ተረከዝ ጠዋት ጠዋት ማየት ጀመርኩ። ቀጥ ብላ እንድትቆም አደርግና ጎንበስ ብዬ ከሥሩ ጣቴን አስገባለሁ። በመጀመሪያው ሰሞን አይገባም ነበር። ኋላ ጥፍሬ ገባ፣ ኋላ ጣቴ ገባ። እሷ ቁልቁል እያየችኝ፣ "ስንት ነው ዛሬ?" ትለኛለች፣ ዳቦ የምንለካ ይመስል። ምንም አይደለም እላለሁ። አትሞኝም።

አጎትዬው አዩኝ። "ብረቱ ምን ዓይነት ነው? እስቲ ንገሪኝ" አሉ። ነገርኳቸው። "ቢሆንልንም ባይሆንልንም እንሞክር" ብለው ከወይራ እንጨት ሁለት ዘንግ ጠርበው፣ አለስልሰው፣ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው ሠሩላት። ስናስርላት፣ "አመመሽ እንዴ የኔ እናት?" ይላሉ። "አንቱ ካሰሩት አያመኝም" ትላቸዋለች። በሳምንቱ ጨርቁን ስፈታው ደረቁ ቆዳ ተሰንጥቆ ደም ይዞ ነበር። ቁስሉ ሳይሽር ጥቢው አለፈ፤ እንጨቱ ከግድግዳ ላይ ተሰቀለ። አጎትዬው ከዚያ በኋላ እግሯን ሲያዩ አንገታቸውን ያዞሩ ነበር። እኔ እንኳን ይህን ያህል አላፈርኩም።

መርሳ ገበያ ደፍራ የምትወጣ አንዲት የመንደሩ ሴት ነበረች። እትዬን ጠይቂልኝ፣ ብረቱን ትላክልኝ ብዬ አጥብቄ ለመንኳት። መልሱን ይዛልኝ መጣች። "ሰላም ብለውሻል፣ ቤትሽ ተሰብሮ ተዘርፏል፣ ብረቱንም ወስደውታል አሉ። ሲያለቅሱ አላባራ አሉኝ።" ታጣቂ ለአንድ ሕፃን ግራ እግር የተሠራ ጫማ ወስዶ ምን ያደርግበታል ብዬ ብዙ አሰብኩ። ለመክፋት ብቻ ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የረገምኩት ያን የማላውቀውን ነበር።

ታጣቂዎቹ ለቀው፣ ባሌም መጥቶ ወስዶን ስንመለስ ቤቴ ባዶ ነበር፤ በሩ እንኳ ከነመቃኑ ተነቅሏል። እትዬ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ "አላህ ይፍረድባቸው! አላህ ይፍረድባቸው!" እያለች አለቀሰች። ልጄ በጣቶቿ ጫፍ ቆማ ታየናለች። እትዬ እግሯን ስታይ ልቅሶዋ ድንገት ተቋረጠ። ያን ጊዜ ከሐዘን ብዛት መሰለኝ።

ከከተማው የተዘረፈው ሁሉ በታጣቂ ብቻ እንዳልሄደ ልጅ አዋቂው ያውቃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሽማግሌዎቹ ቆይተው አውጫጭኝ ጠሩ። ሼኩም ቄሱም ጎን ለጎን ዋርካው ሥር ተቀመጡ፣ ዱዓ ተደረገ። ሥርዓቱ የአባቶች ነው፤ እያንዳንዱ የጠፋበትን ይናገራል፣ የሚያውቅ ደግሞ ለተመረጡት ሽማግሌዎች "ወፍ ነገረኝ" ብሎ በጆሮ ይነግራል። ሰዉ ቴሌቪዥን፣ ቆርቆሮ፣ በሬ፣ የስፌት መኪና ሲያስመዘግብ ውሎ የኔ ተራ ደረሰ።

"አንድ የብረት ጫማ፣ የግራ እግር" አልኩ።

ሳቁ። አንዱ ከኋላ፣ "ቀኙን እነሱ ትተውልሽ ሄዱ?" አለ። ይባስ ሳቁ። ያን ጊዜ ከጎኔ ተቀምጣ የነበረችው እትዬ ብድግ አለች፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ "ሳቅ ነው? እናንተ ምን ዓይነት ሰው ናችሁ? የጠፋው እኮ የልጅ እግር ነው!" አለቻቸው። እጇን ይዤ ሳምኩት።

በመጨረሻ ትልቁ ሽማግሌ ተነሱ። "የወሰደ ሰው ዛሬ ሌሊት ማንም ሳያየው መስጊዱ ግቢ ያስቀምጥ። የመለሰውን ማንነቱን የጠየቀ፣ ያወጣ፣ ያሳጣ፣ ሌባው እሱ ነው። የሰው ነውር እንዲህ ካልተሸፈነ አገር አይሆንም። አሚን በሉ።" አሚን አልን። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ አልኩ፤ እትዬም ከጎኔ።

በማግስቱ ጠዋት ግቢው ውስጥ ከተከመረው ዕቃ ሥር ብረቱ ነበር። አቅፌው ሮጥኩ። ጠፍሩ ላይ ግን የማላውቃቸው ቀዳዳዎች ነበሩ፤ በጋለ ምስማር የተበሱ፣ ከልጄ ባት በጣም ለቀጠነ እግር የሚሆኑ። በዚያ ሰዓት ማን እንደበሳቸው አላሰብኩም። ልጄ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ እግሯን ዘረጋች፣ ጫማውን ላስገባው አልገባም አለ። ተረከዙ ከጫማው በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ብጫነው ጮኸች። እግሯ ተመልሶ ነበር። ብረቱ የተሠራለት እግር እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም።

የደሴው ሆስፒታል ራሱ ከጦርነቱ ጉዳት አገግሞ ሥራ እስኪጀምር ጠበቅን። የከፈቱ ሰሞን ብረቱን በፌስታል ይዤ ልጄን አስከትዬ ሄድኩ። ኮሪደሩ ሰው ሞልቶታል፣ ብዙው ወጣት ነው፣ ግማሹ እግር የለውም። ከነዚያ መሐል እትዬ የልጅ ልጇን አዝላ ተቀምጣለች። እንደምትመጣ አልነገረችኝም ነበር። ስታየኝ ልትነሳ ፈለገች፣ ግን የጠሩት የሷን ተራ ነበር፤ ሐኪሙ ደግሞ እኛን ሲያይ አስታወሰንና፣ "እናንተም ግቡ፣ አንድ አገር አይደላችሁ?" አለ።

ጠረጴዛው ላይ የልጁን ጨርቅ ፈቱት። ቁስሉ ከሽታው በፊት በዓይኔ ገባ። ከጉልበቱ በታች አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ፣ መሐሉ ላይ እንደ ምላስ ያለ ምልክት ያለው ቁስል ነው። ያንን ቅርጽ በቀን ስንቴ ከፍቼዋለሁ፣ ዘግቼዋለሁ። የልጄ ዘለበት ነው፤ እሷም ከጎኔ ሆና አይታዋለች።

ሐኪሙ ቁስሉን አየ፣ ከፌስታሉ ብቅ ያለውን ብረት አየ። ብረቱን አውጥቶ ከልጁ ቀኝ እግር አጠገብ ያዘው። "ለግራ የተሠራን ለቀኝ ያሰረው ማነው? ያውም ሳይቃና? እግሩን እኮ ሰብሮ ሊጥለው ነበር!" አለ ተቆጥቶ።

እትዬ እኔን አላየችኝም። "ጦርነቱ ነው ዶክተር፣ ጦርነቱ ነው ያደረገው" አለች።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ክኒኑን ያሳጣን ጦርነቱ ነው፣ እሺ። መንገዱን የዘጋው፣ በሬን ነቅሎ የወሰደው ጦርነቱ ነው። ግን ጦርነቱ ምስማር አግሎ ጠፍር አይበሳም። ለገበያተኛዋ ሴት "ወስደውታል" ብሎ አይልክም፤ ዋርካ ሥር ቆሞ ስለ ልጄ እግር አይከራከርም። ይህን ሁሉ በሐኪሙ ፊት ልዘረግፈው አፌን ከፈትኩ። አሚን ማለቴ ትዝ አለኝ፤ ዘጋሁት።

አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተኛን። ልጁ የሕፃን ቆዳ ነው ያለው፤ ቁስሉ ሲሽር ጄሶው ጀመረ፣ በየተራው እግሩ እንደ ሊጥ ወደፈለጉት ዞረ። የልጄን ጅማት ግን ሁለተኛ ከፍተው ግማሽ መንገድ ላይ አቆሙት። "ከዚህ በላይ ብገፋው ቆዳው ይቀደዳል" አለኝ ሐኪሙ፣ አሁንም እግሯን ይዞ። "ድርቀቱ በነዚያ ወራት ሰፍቷል። ብረቱ ሳይወልቅ ቢቆይ ኖሮ..." ብሎ ተወው። ግራ ተረከዟ ከእንግዲህ መሬት አይነካም።

እትዬ ክፍሉ ውስጥ ከልጅ ልጇ አስቀድማ የኔን ልጅ ታበላ ነበር። ፀጉሯን ታበጥራለች፣ ሰሃን ታጥባለች፣ እኔ ሽንት ቤት ስሄድ ልጄ ራስጌ ትቀመጣለች። እኔም የሷን ልጅ ሲያለቅስ አቅፈዋለሁ፤ ሕፃን ምን አደረገኝ? የምንወጣ ሰሞን ልጆቹ ተኝተው ሳለ አጠገቤ መጥታ መሬት ላይ ተቀመጠች። "አንቺ ልጅ" አለች፣ "ልጄ ስትመጣ እግሩን እንዲህ ሆኖ እንዳታየው ብዬ... ያንቺን ያቆመ የኔንም ያቆመዋል ብዬ... ሁለት ሦስት ቀን ነው ብዬ..."

"እትዬ" አልኳት፣ "አሚን ብለናል።"

ሽማግሌዎቹ ያንን ሥርዓት ያቆሙት የመለሰ ሰው እንዳይዋረድ ነው። እኔ ግን እትዬ እንዳትናገር አፏን ዘጋሁበት። ብትናገር ታለቅስ ነበር፣ ብታለቅስ ይቅር በይኝ ትለኝ ነበር፣ ሰው ይሰማና ይቅር በያት ይለኝ ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት ይሉኛል፤ ይበሉኝ።

የእትዬ ልጅ ከዐረብ አገር መጥታ ልጇን አየች። እግሩ እንደ ማንም ልጅ እግር ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቶ በግ ታረደ፣ እኔም ሄጄ "እንኳን ደስ አላችሁ" አልኩ፣ በላሁ። እትዬ በየኢዱ ሥጋ በሰሃን ይዛ ትመጣለች፣ በሩ ላይ ትቆማለች፣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ከመጀመሯ በፊት አሚን ብለናል እላታለሁ፣ ሰሃኑን አጥቤ እመልስላታለሁ።

ልጁን አሁን ማንም አይዘውም። ከሰዓት በኋላ በተሰበረው አጥር በኩል እየሮጠ ይገባል፣ በሁለቱም ተረከዙ ግቢዬን እየደበደበ፣ ልጄን "እታለም፣ ዳቦ!" ይላታል። ልጄ ደብተሯን ታስቀምጥና በአንዱ እግሯ ጣቶች ጫፍ ቆማ ከመደርደሪያው ታወርድለታለች። መደርደሪያውን ሆን ብዬ ከፍ አድርጌ የሠራሁት አይደለም፤ እሷም ዝቅ አድርጊልኝ ብላ አታውቅም። ዳቦውን ሰጥታው እግሩን ታያለች። ከዚያ እኔን ታየኛለች።